ምድብ አራት

ደብዳቤው የገባው በጥር ነው፣ ማለዳ፣
ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች፣ ኦውሉ ሁሉ ነጭ ሜዳ።
«ክቡር ታኡኖ ኪቬላ» ይላል አነሣሡ፣
ትሑት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ለስላሳ ምላሱ፤
ሰው የሚሽሩትም ማር ቀብተው ነው ለካ፦
«ለታማኝነትዎ ምስጋናችን አይለካ»፤
ቀጥሎ በትንሹ፣ በቀጭን ፊደል፣
«ከየካቲት በኋላ ወርቅ አይደሉም» ይላል።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወርቅ ነበርሁ እኔ፤
የመጋዝ ስለት ሻጭ፣ በየሆቴሉ አዳሪ፣
ሪጋ፣ ሊንዝ፣ ፖርቶ፣ ግንድ ባለበት ዟሪ።
በሄልሲንኪው ሳሎን ፓይቪኪ ታውቀኛለች፣
ካርዴን ሳላወጣ «ይግቡ» ትለኛለች፤
ሄል የገባው ዳቦ፣ የሳልሞን ሾርባ፣
ወንበሬ በጥጉ፣ ጀርባዬ ለጀርባ
ከአንድ የባንክ ሰው ጋር፣ ስሙን ከማላውቀው፣
በአገጩ ብቻ ግን ዐሥር ዓመት ከማውቀው።

ሲሾም ያልበላ ነው ሲሻር የሚቆጨው፤
እኔማ በላሁኝ። ታዲያ ሆዴን እንዲህ ምንድን ነው የሚፈጨው?
ካርዱን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት፣
ወርቁ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ሰሙን አገኘሁት፦
ነጭ ፕላስቲክ ነው።

እንዴት እንደ ጎደለ ቁጭ ብዬ ደመርሁ፤
ዐሥራ ሰባት በረራ ዐምና እንደ ቀረሁ፣
መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ሰንጠረዡ ባዶ።
ኢርሜሊ ዓይኗን ታክማ፣ ፊቷ በጨርቅ ታስሮ፣
ጋዜጣ ሳነብላት ነበር ጠዋት ጠዋት፣
የአየሩን ትንበያ፣ የሞቱትን ስም፣ የሆኪውን ውጤት፤
«ቀስ በል» ትለኛለች፣ «እስቲ ድገመው
ያን የዓሣ አጥማጁን፣ ጀልባው የጠፋው።»
ከአልጋ እስከ ምድጃ የሄድሁት አልታሰበም፣
ለማንበብ ነጥብ የለም፤ ለዝምታም የለም።

ከባሕሩ ማዶ አለ ባላንጣቸው፣
ወንበሩ ሰማያዊ፣ ሰፊ ነው ደጃቸው።
«ይምጡ፣ እኛም ዘንድ ወርቅ ይሆናሉ፣
ይህን ፎርም ብቻ በጥንቃቄ ይሙሉ።»
ሞላሁ። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ዘመን።
ሰባተኛው ጥያቄ አስቆመኝ ግን፦
«ለቀድሞው ድርጅትዎ ታማኝ እንደ ነበሩ
ማስረጃ ያያይዙ፤ ያለዚያ አይቸገሩ።»

እንግዲህ ክህደትም መታወቂያ አለው፤
የከዳኸውን ምን ያህል እንደ ወደድኸው
ካላሳየህ በቀር በሩ አይከፈትም።
ለአዲሷ ሙሽራ የፊተኛዋን ደብዳቤ
አምጥተህ አንብብ እንደ ማለት! ሳቅሁኝ፤ ደግሞ መልሼ አስቤ
ካርዱን ፎቶ አነሣሁ፣
የተፋቀውን ጎን በአውራ ጣቴ ከልዬ።

ኢርሜሊ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች፤
አሁን ዓይኗ ጠርቷል፣ ሁሉን ታያለች።
«እኔ ወርቅ ሆነህ አላውቅህም» አለችኝ፣
«እዚህ ቤት ድንች ነው የምትልጠው።»

በመጋቢት መባቻ ለሊንዝ ተነሣሁ፤
በሳሎኑ በር ሳልፍ ፓይቪኪ አየችኝ፣ እጄን አነሣሁ።
አልጠራችኝም። ሹም ሽርን
ቀድሞ የሚሰማው በረኛ ነው።

ምድብ አንድ ሲጠራ እግሬ በልማዱ ተነሥቶ
ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ተመለሰ፣ ቦታው ጠፍቶ።
የባንኩ ሰው አለፈ፣ አገጩን ነቀነቀ፤
መቆሜን ሲረዳ ጫማውን እያየ ራቀ።
ምድብ ሁለት። ምድብ ሦስት።
ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ጊታር ያዘለ ጎረምሳ፣
ከዚያ እኛ።

ሠላሳ አንደኛው ረድፍ፣ መሃሉ፣ ከሽንት ቤቱ ፊት።
በግራ የሆኪ ልጅ፣ ጉልበቱ ከጉልበቴ፣
በቀኝ አንዲት ሴትዮ፣ ክንዷ ከነሹራቧ በኔ ክንድ ላይ ተኝቶ።
ልጁ ከረሜላ ሰጠኝ፣ ጥቁሩን፣ ጨዋማውን፤
«ስንተኛ በረራዎ ነው?» አለኝ።
ልቆጥር ጀመርሁ፤ ዘጠኝ መቶ ስደርስ ተውሁት።
«ከዚህ ወንበር» አልሁት፣ «የመጀመሪያዬ።»

ፎርሙ ስልኬ ውስጥ ነው፤ «ላክ» የሚለው አልተነካ።
ስልክ አጥፉ ተባለ።
አጠፋሁ። ከረሜላው
አፌ ውስጥ ጨው እንደ ሆነ አለ።